አቶ ፖል ስኮፊልድ

እንግሊዛዊው ተዋናይ ፖል ስኮፊልድ ኦስካር ያሸነፈ ዕለት አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ጊዜው 1967 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አብረውት የታጩት እነ ሪቻርድ በርተን፣ እነ ማይክል ኬን፣ እነ ስቲቭ ማክዊን ነበሩ። አሸናፊው እሱ ነው ተብሎ ስሙ ሲጠራ ወጥታ የተቀበለችለት በፊልሙ ሚስቱን ሆና የተጫወተችው ዌንዲ ሂለር ናት። ይህን ለትያትር ክበባችን ልጆች ስነግራቸው አንዱ «ምነው ቲቸር፣ አልጠሩትም እንዴ?» አለኝ። ጠርተውታል። ሰውየው ግን ከእንዲህ ያለ ግርግር ርቆ የኖረ ሰው ነው። ሥራውን ሲጨርስ ቤቱ ይገባል፤ በቃ።

እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የትያትር ክበቡንም የምመራው እኔ ነኝ። ቤቴ ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት ወደ ላይ፣ ማታ ወደ ታች ነኝ። ለልጆቹ ስለ ብዙ ተዋንያን አውርቼላቸዋለሁ፤ እንደ ስኮፊልድ ደጋግሜ የማነሳው ግን የለም። አንድ ሰው ድምፁንም ስሙንም ሳያባክን ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚችል የማሳያቸው በእሱ ነው። ቁጥብ ሰው ነበር። ቁጥብነቱም ሞልቶ የተረፈው ሰው ቁጥብነት ነው።

ልጆቼን እወዳቸዋለሁ፤ ይጮሃሉ ግን። ወሎ የኪነት አገር ነው። ላሊበላ የኪነት ቡድንን ያፈራ፣ እነ ማሪቱ ለገሠን ያወጣ አገር ልጅ መድረክ አይፈራም። ችግሩ ሌላ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያ፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ በወላጆች ቀን የሚታየው አጭር ድራማ መልኩ አንድ ነው። አባት የሆነው ከዘራ ይዞ ያጓራል፤ ሰካራም የሆነው ይንገዳገዳል፤ እናት የሆነችው ደረቷን ትደቃለች። ተመልካቹ ይስቃል፣ ያጨበጭባል፤ ልጆቹም በሚቀጥለው ዓመት የባሰ ይጮሃሉ። ከጦርነቱ ወዲህ የቀረን ሞንታርቦ አንድ ብቻ መሆኑም አባብሶታል፤ ኋላ የተቀመጠው እንዲሰማ መጮህ ግድ ነው ብለው ያምናሉ።

ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት ላፕቶፔን ከዚያው ሞንታርቦ ጋር አያይዤ ኦስካር ያሸለመውን የ1966 ፊልም፣ «ኤ ማን ፎር ኦል ሲዝንስ»ን፣ ከፈትኩላቸው። ዳይሬክተሩ ፍሬድ ዚነማን ነው፤ ፊልሙ ምርጥ ፊልም መባሉን ጨምሮ ስድስት ኦስካር ወስዷል። ድርሰቱ የሮበርት ቦልት ነው። ቦልት በተውኔት ደራሲነት ከመታወቁ በፊት መምህር ነበር። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ዞር ብለው አዩኝ።

ታሪኩ የእውነት ነው። ቶማስ ሞር የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ ከፍተኛ ሹም ነበር። ንጉሡ ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ለማግባት ሲል ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለየና ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ አደረገ። ሹማምንቱ ተራ በተራ ማሉለት። ሞር አልማለም። አመፅ አላነሳም፣ ንጉሡን አልሰደበም፤ ዝም አለ። መጨረሻው በ1535 አንገቱን መቀላት ሆነ። እንግዲህ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዝም የሚልበትን ተውኔት ተጫወት ቢባል የእኛ ክበብ ልጅ ምን ያደርግ ይሆን? ስኮፊልድ ይህን ሚና ፊልም ከመሆኑ በፊት በ1960 ለንደን ላይ፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ ላይ በመድረክ ተጫውቶታል፤ ኒው ዮርኮችም በ1962 ቶኒ የሚባለውን የትያትር ሽልማት ሰጥተውታል። ካሜራ ፊት ሲቆም ሰውየውን ጠንቅቆ ያውቀዋል ማለት ነው።

መጀመሪያው አካባቢ ሪቻርድ ሪች የሚባል ወጣት ሹመት ፈልጎ ሞርን ደጅ ይጠናል። ወጣቱን የሚጫወተው ያኔ ገና ስም ያላወጣው ጆን ኸርት ነው። ሞር ሹመቱን አይሰጠውም። የማስተማር ሥራ እንዳለ ይነግረዋል፤ ጥሩ መምህር ይወጣሃል ይለዋል። ወጣቱ ቅር ይለዋል። ጥሩ መምህርስ ብሆን ማን ያውቅልኛል ነው ነገሩ። ሞርም፣ አንተ ታውቃለህ፣ ተማሪዎችህ ያውቃሉ፣ ወዳጆችህ ያውቃሉ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይህ መቼ አነሰ እንደ ማለት ይመልስለታል። ሌላ ተዋናይ ቢሆን እዚህ ጋ ቆም ብሎ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ያስቀምጠው ነበር። ስኮፊልድ እንደ ማንኛውም የመንገድ ወሬ ብሎት ያልፋል። ወጣቱ ምክሩን ሳይሰማው የሚቀረው ለዚህ ነው፤ እኛም ሳንሰማው ልናልፍ ምንም አይቀረን። እኔ መምህር ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ይህችን ቦታ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ወደ መጨረሻው ያው ሪች ፍርድ ቤት ቀርቦ በሞር ላይ በሐሰት ይመሰክራል። ሞርን የሚያስገድለው ያ ምስክርነት ነው። ሪች መስክሮ ሊወጣ ሲል ሞር ያስቆመውና አንገቱ ላይ ያጠለቀውን የሹመት ሐብል ልየው ይላል። ያየዋል። ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለችው የትንሿ አገር የዌልስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተሹሟል ይሉታል። ሞር እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀውን የወንጌል ቃል ያነሳበታል፤ ሰው ዓለሙን ሁሉ ቢያተርፍ ነፍሱንም ቢያጐድል ምን ይጠቅመዋል የሚለውን። ለዓለሙ ሁሉ እንኳ አይሆንም፤ አንተ ደግሞ ለዌልስ?

እዚህ ላይ አቁሜ መለስ አድርጌ አሳየኋቸው። የስኮፊልድን ፊት እዩ አልኳቸው። ሞቱ ደጃፉ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ያስገደለውም ሰው ፊት ለፊቱ አለ። አይቆጣም። ድምፁ ቅርብ ላለ ሰው ከሚወራበት ከፍ አይልም። ዓይኑ ሐብሉን ትቶ ወደ ልጁ ፊት ይወጣል፤ እዚያ የሚታየው ሐዘኔታ ነው። ራሱን ረስቶ ለዚያ ልጅ ያዝንለታል። ኋላ ከተቀመጡት አንዱ «ለወረዳ ሹመት ብሎ ነው እኮ!» አለና ክፍሉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልፍ ብዙም የማትናገር አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ ቢጮህበት ኖሮ እኮ ሪች ይገላገል ነበር» አለች። እኔ የጨመርኩበት ነገር የለም።

በሚቀጥለው ልምምድ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰጠኋቸው፤ «ከቤቴ ውጣ።» እጅ ማወናጨፍ የለም፣ ድምፅ ማንሳት የለም። ወንዶቹ ተቸገሩ፤ ድምፃቸው ሲወርድ ትወናውም አብሮ ይወርድባቸዋል። ያቺው ልጅ ተነሳች። ከዘራውን ግድግዳ ላይ አስደገፈችና፣ ብርድ እንዳይገባ በሩን ዝጋው የምትል ያህል ቀስ ብላ «ከቤቴ ውጣ» አለች። ልጇን ሆኖ የቆመው ተማሪ እውነትም ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደ።

ስኮፊልድ ራሱ የመምህር ልጅ ነው። የተወለደው በ1922 ነው። ያደገው ሰሴክስ በሚባለው የደቡብ እንግሊዝ አውራጃ፣ ኸርስትፒየርፖይንት በምትባል መንደር ሲሆን አባቱ የመንደሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበር። ብራይተን ወዳለው ቫርንዲን ትምህርት ቤት ሲገባ ከሼክስፒር ጋር ተዋወቀ። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ አንድ የሼክስፒር ተውኔት ያዘጋጅ ነበር፤ ልጁም የሚኖረው ለዚያ ነበር። በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ክሮይደን ያለ ትያትር ቤት ለሥልጠና ገባ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ለውትድርና አልበቃም ተባለ፤ የእግሩ ጣቶች የተደራረቡ ስለነበሩ ቡት ጫማ አልሆን አለው። በዚህ በጣም ያፍር እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

ከዚያ በኋላ የሄደበትን መንገድ ለልጆቹ ካርታ ላይ አሳይቻቸዋለሁ። በ1945 በርሚንግሃም ነው። እዚያ ባሪ ጃክሰን በሚመራው ትያትር ቤት ፒተር ብሩክ ከሚባል የ20 ዓመት ወጣት አዘጋጅ ጋር ተገናኘ፤ ስኮፊልድ ራሱ ያኔ 23 ዓመቱ ነበር። በዓመቱ ሁለቱም ስትራትፎርድ ገቡ፤ ሼክስፒር የተወለደባት ትንሽ ከተማ ማለት ነው። ሁለቱ ልጆች አብረው ተሠሩ ማለት ይቻላል። በ1955 ብሩክ ያዘጋጀውን ሐምሌት ይዘው ሞስኮ ሄዱ፤ ከአብዮቱ ወዲህ እዚያ የገባ የመጀመሪያው የእንግሊዝ የትያትር ቡድን መሆኑ ይነገራል።

የሁሉም ቁንጮ ግን ኪንግ ሊር ነው። በ1962፣ ስትራትፎርድ፣ በዚያው በብሩክ አዘጋጅነት። ሊር ሰማንያ ያለፈው ሽማግሌ ነው፤ ስኮፊልድ ያኔ 40 ዓመቱ ነበር። በ2004 የሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ተዋንያን ከሼክስፒር ትወናዎች ሁሉ የትኛው ይበልጣል ተብለው ሲጠየቁ የመረጡት ይህንኑ ነው። አርባ ዓመት አልፎትም!

የሊርን ታሪክ ለወሎ ልጅ ማስረዳት አይከብድም። አንድ ሽማግሌ ንጉሥ አገሩን በቁሙ ለሴት ልጆቹ ያካፍላል፤ እሱ ደግሞ በየተራ እነሱ ዘንድ እየሰነበተ ሊጦር። ለማካፈሉም መለኪያው ማን አብልጣ ትወደኛለች የሚል ነው። ሁለቱ ትልልቆቹ አፋቸውን አጣፍጠው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ትንሿ አላሞግስም ትላለች፤ ባዶ እጇን ትባረራለች። ኩታበርም ሂዱ፣ ተሁለደሬም ሂዱ፣ ጉልበቱ የደከመ አባት መሬቱን ለሚጦረው ልጅ በስጦታ ያስተላልፋል፤ የይዞታ ደብተሩ ወደ ልጁ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ በልጁ እጅ ነው። አብዛኛው አባቱን አክብሮ ይጦራል፤ አንዳንዱ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። ታሪኩን ጎረቤቴ ለሆኑ አንድ አባት ቡና ላይ ስነግራቸው ገና ቶናው ሳይቀዳ አቋረጡኝ። «ልጄ፣ በቁሙ ማካፈሉን ተይው፤ እሱ ያለ ነው። ሰውየውን የጎዳው ለምላስ መክፈሉ ነው» አሉኝ። ሼክስፒርን አንብበው አያውቁም።

ብዙ ተዋንያን ሊርን ገና ከጅምሩ እንድናዝንለት አድርገው ይጫወቱታል፤ ነጭ ጢም፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የሚለምን ዓይን። ስኮፊልድና ብሩክ ይህን አልፈለጉም። የእነሱ ሊር ደረቅ፣ ከማዘዝ ሌላ የማያውቅ፣ ገና ጉልበት ያለው ሰው ነው። ትልቋ ልጁ ጎነሪል ቤት ከመቶ ባላባቶቹ ጋር ሰፍሮ ሳለ ተቆጥቶ ማዕዱን ይገለብጣል፤ ተከታዮቹም አዳራሹን ያተራምሱታል። ጎነሪል ስታማርር የሰማ ተመልካች «እውነቷን እኮ ነው» ማለቱ አይቀርም። ጭካኔዋ እየከፋ የሚሄደው በኋላ ነው። በሩ ተዘግቶበት ሽማግሌው ዝናብ ላይ ሲወድቅ ታዲያ የምናዝንለት ስለለመነን አይደለም፤ ጥፋቱን በዓይናችን አይተን፣ እሱም ቀስ በቀስ ጥፋቱን ሲያውቀው አይተን ነው። ለእኔ ከዚህ የሚከብድ ትወና የለም። ተዋናይ ሁሉ መወደድ ይፈልጋል፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ያንን ፍላጎት መግታት ጉልበት ይጠይቃል።

ብሩክ በኋላ በጥቁርና ነጭ ፊልም አድርጎታል፤ በዴንማርክ ጁትላንድ በክረምት የተቀረጸ ነው፤ ለሕዝብ የወጣው በ1971። በፊልሙ ውስጥ ያለው ብርድ ከምስሉ ያልፋል። ሐምሌን ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል፤ አጥንት የሚገባ፣ ካፖርት የማይመልሰው ብርድ። የስኮፊልድ ፊት በሸንተረር የተሞላ ነው፤ ድምፁ ጎርናና ሆኖ መሐሉ ላይ ስንጥቅ አለበት። ድምፅ ብቻውን ትወና እንደሚሆን ወላጆቻችን ያውቃሉ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰማ ትውልድ ናቸው። ስኮፊልድም ለሬዲዮ ብዙ ሠርቷል። ልጆቹን አንዳንዴ ዓይናቸውን አስጨፍኜ የሁለቱንም ድምፅ አሰማቸዋለሁ። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም የት ጋ እንደሚያርፍ፣ የት ጋ ትንፋሽ እንደሚይዝ ይገባቸዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በወጣትነቱ ለንደን ሄዶ ትያትር ያጠናው በሮያል ኮርት ትያትር ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በ1970፣ ስኮፊልድ የቼኾቭን «አጎት ቫንያ» የተጫወተው እዚያው ሮያል ኮርት ነበር። ኦቴሎንና ሐምሌትን በአማርኛ የሰጠን ጸጋዬ ያለፈበት ቤት ስለሆነ፣ ለልጆቹ ስለዚያ መድረክ ሳወራ የሩቅ አገር ወሬ የማወራ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። በየዓመቱ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ሁለት ልጅ ይመጣና «ቲቸር፣ ተዋናይ ለመሆን አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ አይደል?» ይለኛል። ስኮፊልድ ካደገበት ብዙም በማይርቅ ባልኮም በሚባል የሰሴክስ መንደር ነው ዕድሜውን የኖረው፤ ለንደን ሠርቶ ማታ በባቡር ቤቱ ይመለስ ነበር። ይህ ነገር ልቤን የሚነካው እኔም ማታ ማታ የምወርድ ስለሆንኩ ይሆናል። ረዳቱ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረ!» ሲል ሮጬ እገባለሁ። ሐረጎ ላይ ጉሙ ከመስኮቱ ውጭ ምንም አያሳይም፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ጠመዝማዛውን ቀስ እያለ ይወርደዋል፤ ጆሮዬ ይደፈናል፤ ወደ ታች ስንቀርብ ሰው ሁሉ ጋቢውን ማውለቅ ይጀምራል። በዚያ መንገድ ላይ ቀን የሠራሁት ሥራ ከላዬ ይወርዳል። ስኮፊልድም ሊርን ሆኖ ካመሸ በኋላ ያ ባቡር ሳይጠቅመው አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

እውነቱን ግን ለልጆቹ አልደብቃቸውም። ከባልኮም ለንደን በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የአውቶቡስ መንገድ። የእሱ መንደር ልጅ ሠርቶ ማታ ይመለሳል፤ የእኔ ተማሪ ግን ከሄደ ሄደ ነው። ብሔራዊ ትያትርም እዚያ ነው ያለው፤ ፊልም የሚሠራውም እዚያ ነው። ስለዚህ አትሂዱ አልልም። የምላቸው በርሚንግሃምንና ስትራትፎርድን እንዲያስታውሱ ነው። ያ ልጅ ከዋና ከተማው ርቆ፣ እንደ እሱ ካሉ ወጣቶች ጋር፣ ሚና በሚና ላይ እየጨመረ ቆይቷል፤ ያ ታላቅ ሊርም መጀመሪያ የታየው ለንደን አይደለም። ደሴ ሳላችሁ ሥሩ። ሰልፍ ላይም ሥሩ፣ ወሎ ባህል አምባም ሥሩ፣ ባዶ ክፍል ውስጥም ሥሩ። ተሠርቶ የሄደና ሊሠራ የሄደ እኩል አይቀበሉትም።

ስለ ማዕረግም ልጆቹ ይጠይቁኛል፤ እነ ሎረንስ ኦሊቪየ፣ እነ ጆን ጊልጉድ «ሰር» ሲባሉ ስኮፊልድ ለምን ስሙ ባዶውን ሆነ? «ሰር» ልናደርግህ ብለውታል፤ እምቢ አለ። የሚቀበሉትን አልነቀፈም። ለእኔ ግን የምፈልገው ኑሮ አይደለም፣ ማዕረግ ካስፈለገ «አቶ» ምን አነሰው የሚል ነው መልሱ። በ1956 ሲቢኢ የሚባለውን ኒሻን፣ በ2001 ደግሞ ኮምፓኒየን ኦፍ ኦነር የሚባለውን ተቀብሏል። ሁለተኛው ከ65 በላይ አባላት የማይኖሩት ትልቅ ክብር ነው፤ ከስም በፊት የሚጨመር መጠሪያ ግን የለውም። ሚስቱ ጆይ ፓርከርም ተዋናይት ነበረች፤ በ1943 ተጋቡ፣ በ2008 በ86 ዓመቱ በደም ካንሰር እስከሚሞት አልተለያዩም።

ሚና ላይም እንዲሁ ነው። በ1979 በለንደኑ ናሽናል ትያትር «አማዴየስ» ሲከፈት፣ በሞዛርት ቅናት የሚነደውን የሙዚቃ ደራሲ ሳሊየሪን መጀመሪያ የተጫወተው እሱ ነው። ተውኔቱ ኒው ዮርክ ሲሻገር ሚናው ለኢያን ማኬለን ሆነ፤ ማኬለን ቶኒ ተሸለመበት። ፊልም ሲሆን ኤፍ. መሪ አብርሃም ተጫወተው፤ ኦስካር አገኘበት። ስኮፊልድ በ1980 እዚያው ናሽናል ትያትር ኦቴሎን ይጫወት ነበር። በዕድሜው ሁሉ የሠራቸው ፊልሞች ከመድረክ ሥራው ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ግን ባዶ የሆነ ሚና አላየሁበትም።

በስተእርጅናው ከሠራቸው አንዱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ1994 ሮበርት ሬድፎርድ ባዘጋጀው «ኩዊዝ ሾው» ማርክ ቫን ዶረንን ሆኗል። ይህም የእውነት ታሪክ ነው። ቻርልስ ቫን ዶረን የሚባል ወጣት መምህር በ1950ዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ መልሱ አስቀድሞ እየተነገረው ያሸንፋል፤ አገር ያጨበጭብለታል። አባቱ የተከበረ ገጣሚና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ አባትየውን ነው ስኮፊልድ የሚጫወተው። ልጁ ጉዱን ሲነግረው አባት መጀመሪያ ነገሩ አይገባውም። ፈገግ እንደ ማለት ይላል፤ ለጥያቄና መልስ ጨዋታ ማን ያጭበረብራል ብሎ። ከዚያ ይገባዋል። በዚያች ቅጽበት ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ነገር በስንት ንግግር መግለጽ ይቻል ነበር! ድምፁን ከፍ የሚያደርገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ስምህ የኔም ስም ነው የሚለው ጋ። እኛ የአባታችንን ስም ከስማችን ቀጥለን የምንጠራ ሰዎች ነንና ይህ ንግግር ክፍሉ ውስጥ እንዴት እንደተሰማ መገመት አይከብድም። በዚህ ሚና በ73 ዓመቱ ለኦስካር ታጨ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ በ«ዘ ክሩሲብል» ፊልም ዳኛ ዳንፎርዝን ሆነና ባፍታ የሚባለውን የእንግሊዞች የፊልም ሽልማት ተሸለመ።

ዘንድሮ ለወላጆች ቀን የሊርን የመጀመሪያ ትዕይንት እናዘጋጃለን። ንግግሩን ልጆቹ በራሳቸው አማርኛ ጽፈውታል፤ ንጉሡ መደብ ላይ ተቀምጦ የይዞታ ደብተር ያድላል። ሞንታርቦውን አንጠቀምም፤ ወንበሮቹን ወደ መድረኩ አስጠግተን ወላጆች ከፊት ይቀመጣሉ። ሊርን የሰጠሁት «ቢጮህበት ኖሮ ይገላገል ነበር» ላለችው ልጅ ነው። ወንዶቹ «ሴት ልጅ እንዴት ንጉሥ ትሆናለች?» ብለው አጉረመረሙ። ስኮፊልድ ቫርንዲን ሳለ፣ ትምህርት ቤቱ የወንዶች ስለነበር፣ ጁልየትን ሆኖ መጫወቱን ነገርኳቸው፤ ተሳሳቁና ተዉት። ትንሿ ልጅ የምትሆነው ተማሪ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ አባቷ ስለ ፍቅሯ ሲጠይቃት «ምንም» ብላ የምትመልስበትን ቦታ እየፈራች ስለሆነ ደጋግመን እንሠራዋለን። ጎነሪልን የያዘችው ግን ከልምምድ መጀመሪያ ጀምሮ «ጥፋቱ የአባትየው ነው፣ እኔ ምን አደረግሁ?» ብላ ሙጭጭ ብላለች። እንዳትለቅ ነግሬያታለሁ።